የግራ ጉልበትና ፍሪሲዮን፦ ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ የተሻገሩ አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ጉዳይ

ባለጉዳዩ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ያሉ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ይኖራሉ፣ ቢቸና አካባቢ የቤተሰብ መሬት አላቸው፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ትሠራለች። መንገዳቸው ሦስት ዓይነት ነው፦ የከተማ ውስጥ ምልልስ፣ የቢቸና ጉዞ፣ እንዲሁም መንገዱ ክፍት ሲሆን ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ። እኔ የመንጃ አሠልጣኝ ነኝ። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ በአፌም በጽሑፌም ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። እንድጽፍ የፈቀዱልኝ "ጉልበቱን የሚያመው ሹፌር እኔ ብቻ አይደለሁም" ብለው ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት ሰው ሁሉ ጥያቄውን ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው። "እግሬን እያመመኝ ነው፣ አውቶማቲክ ልግዛ?" ይሉኛል። የትኛው እግር ነው የሚያመው? መቼ ነው የሚያመው? የሚረገጠው ፔዳልስ ራሱ ጤነኛ ነው? ይህ ሳይጣራ መኪና መቀየር ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። የጋሼ ጉዳይ ደግሞ በአጋጣሚ ሁሉም በየተራው የተጣራበት ነው።

ሕመሙ

ጋሼን ግራ ጉልበታቸውን ማመም የጀመራቸው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሲወርዱ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ከመኪና ሲወርዱ፣ ኋላ ላይ ሌሊት በእንቅልፍ መካከል። ቤተሰቡ "ሪህ ነው" ብሎ ወሰነና ሥጋ ተከለከሉ። ወጌሻ አሻቸው። ጠበል ተጠመቁ፤ ጠበሉን ዛሬም አልተዉም፣ እኔም ይተዉ የምልበት ምክንያት የለኝም። ያሳሰበኝ የፋርማሲው ነገር ነበር። ሲብስባቸው ዲክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ ይውጡ ነበር። ጋሼ የደም ግፊት አለባቸው፤ እንዲህ ዓይነት ማስታገሻ ሲዘወተር ደግሞ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል።

በመጨረሻ ልጃቸው ተቆጥታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። በደም ምርመራው ሪህ የሚያመጣው የዩሪክ አሲድ መጠን ጤነኛ ሆነ፤ የሪሁ ነገር በዚያው አበቃ፣ ሥጋውም ተመለሰ። ራጁ ያሳየው በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡንና የአጥንቱ ጠርዝ ሹል ሹል ማብቀሉን ነው። ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፦ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት እየሳሳ የሚሄድበት ሕመም። ሐኪሙ ክብደት እንዲቀንሱ፣ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ፣ ክኒኑን ትተው የሚቀባውን እንዲጠቀሙ ነገራቸው። ስለ መኪና በዚያን ቀን የተነሳ ነገር የለም፤ ጋሼም መንዳታቸውን አልተናገሩም።

ለምን ፍሪሲዮን፣ ማለትም በማንዋል መኪና ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ ከሌላው ፔዳል የበለጠ ጉልበት እንደሚፈትን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ነዳጅ መስጫውን የምንነካው ተረከዛችን መሬት እንደያዘ በቁርጭምጭሚት ነው። ፍሪሲዮን ግን ጠቅላላው እግር ተነስቶ፣ ከታጠፈ ጉልበት ተነስቶ እየተዘረጋ ነው የሚረገጠው። ያኔ የጭኑ ጡንቻ የጉልበቱን ሎሚ ወደ ውስጥ አጥብቆ ይጫነዋል። ከመርገጡ ይልቅ የሚብሰው መያዙ ነው፦ ከፊት አህያ የሚጎትተው ጋሪ አለ፣ ከጎን ባጃጅ ይገባል፣ መኪናው በግማሽ ፍሪሲዮን እየተጎተተ ነው፣ እግሩም መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል።

ደብተሩ

ጋሼ ወደ እኔ የመጡት አውቶማቲክ መኪና እንድፈልግላቸው ነበር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መቼ መቼ እንደሚያማቸው እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። የሒሳብ መምህር ለምነው አይደለም እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው። ባለ መስመር ደብተር ገዙ፤ በማስመሪያ አራት ዓምድ ሠሩበት፦ ቀን፣ የሄዱበት፣ በመንገድ ላይ ብዙ ወይስ ጥቂት መቆማቸው፣ ማታ ሲተኙ ያለው ሕመም ከ0 እስከ 10። በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ እኛን ያረሙበት ዓይነት ቀይ።

ደብተሩን ስናየው ሁለታችንም ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ሕመሙ ከኪሎ ሜትር ጋር አይሄድም። የቢቸና ጉዞ ረጅም ነው፤ ማርሽ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ግራ እግር ሥራ ስለማይኖረው ማታ 3 ቢሆን ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በገበያ ቀን የሚደረግ አጭር ምልልስ ግን 6 እና 7 ያስጽፋል። ዓባይን የተሻገሩበት ቀን 8 ነበር፤ በማግስቱም አልቀነሰም።

ከሁሉ የከፋው 9 የተጻፈው ግን ጋሼ መኪናውን ጨርሶ ባልነኩበት ሳምንት ነው። ሰሙነ ሕማማት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይሰግዳሉ፤ ለታመመ ጉልበት ከዚያ የበለጠ ፈተና የለም። ይህን ምንም ዓይነት መኪና አይፈታውም። ደብተሩን ይዘው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ አባም "ሲሻልህ ትሰግዳለህ፣ እስከዚያ ከወገብህ ጎንበስ በል፣ መቋሚያህንም አትጣል" አሏቸው። ጋሼን ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይህ ነው ያሳረፋቸው። እኔም የጉዳዩ ግማሽ መፍትሔ እዚያ ነበር ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ

የጋሼ መኪና በየከተማው የምናውቃት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተር አስነስቼ ፍሪሲዮኗን ስረግጥ የኔም እግር ተቃወመኝ። ፔዳሉ ድንጋይ ነው፤ የሚይዘውም ሊለቀቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ላይ ጫፍ ላይ ነው። የዚህ ምክንያት ይታወቃል። የፍሪሲዮን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ሸራውን የሚጫነው ባለ ሞላ ሰሃን አቀማመጡ ይለወጣል፣ ሞላውን ለማላቀቅ የሚያስፈልገውም ጉልበት ይጨምራል። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቱ አይታወቀውም። ጋሼ ጉልበታቸው የደከመ ይመስላቸው ነበር፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ፔዳሉም ከብዷል።

መካኒኩ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ሲያወርደው ሸራው እስከ ሚስማሩ ደርሶ፣ ኩሽኔታውም ቅባቱ አልቆ ይጮህ ነበር። ሸራው፣ ሰሃኑና ኩሽኔታው አብረው ተቀየሩ። ሸራውን ብቻ ቀይሮ ያረጀውን ሰሃን መመለስ ለእንዲህ ያለ እግር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከዚያ ወንበሩን አስተካከልን። ጋሼ መሪው ላይ ተለጥፈው ነው የሚነዱት፤ ጉልበታቸው ከሚገባው በላይ ታጥፎ ነበር። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጉልበቱ ትንሽ ብቻ ታጥፎ እንዲቀር አድርገን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋነው። "ተኝቼ ልንዳ እንዴ?" ብለው አጉረመረሙ፤ ከሳምንት በኋላ ረሱት።

የገበያ ቀኑ 6 እና 7 ወደ 4 ወረደ። ለብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አይገርመኝም፤ የአንድ ፍሪሲዮን ዋጋ ከመኪና ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለጋሼ ግን የዓባይ ቀን ከ8 ፈቀቅ አላለም። ሁለተኛ ጊዜ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ደብተሩን አሳዩት፤ በዚህ ጊዜ ስለ መኪናው በደንብ ተነጋገሩ።

ያኔ ነው የቀኝ እግሩ ጥያቄ የመጣው። አውቶማቲክ የሚያሳርፈው ግራ እግርን ብቻ ነው። ፍሬኑንም ነዳጁንም የሚይዘው ያው ቀኙ ነው፤ እንዲያውም አሁን ብቻውን ነው። ቀኝ ጉልበቱ ወይም ቀኝ ዳሌው ለታመመ ሰው አውቶማቲክ የሚሰጠው እፎይታ ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ያለ ሐኪም ምርመራ ጨርሶ መንዳት የለበትም። ሐኪሙ የጋሼን ቀኝ እግር መርምሮ ደህና ነው አለ። እኔ በበኩሌ በቆመ መኪና ላይ ድንገት "ፍሬን!" እያልኩ ፈተንኳቸው። ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬን የሚዘሉበትን ፍጥነትና ሲረግጡ የሚያሳርፉበትን ኃይል ነው የማየው። ደህና ነበሩ።

ለሙከራ ከአንድ ወዳጃቸው ልጅ አውቶማቲክ ቪትዝ ተዋሱ። በከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ነዷት። ደብተሩ ላይ 1 እና 2 ብቻ ተጻፈ። ውሳኔው በዚህ አለቀ።

ግን በቡና ላይ የሚያገኟቸው ጓደኞቻቸው አልለቀቋቸውም። "ጋሼ፣ የሴት መኪና ሊነዱ ነው አሉ" ተባለ። ይህን ወሬ በሥራዬ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ትዕግሥቴም አልቋል። ማርሽ መቀየር ወንድ የሚያሰኝ ከሆነ ከኔ ሠልጣኞች መካከል ከሁሉ ቀድመው ወንድ የሚባሉት ሴቶቹ ናቸው፤ በአቀበት ላይ መኪና ሳያንሸራትቱ የሚያስነሱት እነሱ ናቸውና። ጋሼ ግን በዚህ ወሬ ምክንያት ከዓመት በላይ ዘግይተዋል፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም።

ግዢው

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፦ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ወይም ኤሌክትሪክ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፤ ለጉልበት ብቻ ከሆነ ከሁሉ ይበልጣል። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ ለዓባይ በረሃ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ልጃቸውም ይህንኑ እንዲገዙ ገፋፍታቸው ነበር። ጋሼ ወረቀት አውጥተው አሰሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ገደል አለ፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ በየመንገዱ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል። "ውጤቱ ትክክል ነው፣ ዘመኑ ግን አልደረሰም" አሉና ወረቀቱን አጠፉት።

ያገለገለ አውቶማቲክ በደብረ ማርቆስ ደላላ እጅ ብዙ አይገኝም። ባሕር ዳር ሄድን። መጀመሪያ ያየናት ቪትዝ ከላይ ታበራለች። ፍሬን ይዤ ከፒ (ከማቆሚያው) ወደ ዲ (ወደ ፊት መንጃው) ሳስገባት ትንሽ ዝም ትልና በኋላ ጀርባችንን ትመታናለች። የካምቢዮ ዘይቷን መለኪያ አውጥቼ በነጭ ወረቀት ላይ ጠረግሁት፤ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል። ደላላው "ዘይት ብቻ ይቀየርላት" አለ። እንዲህ የሸተተ ዘይት ውስጡ ያሉት ሸራዎች መቃጠላቸውን ነው የሚናገረው፤ አዲስ ዘይት የተቃጠለ ሸራ አይመልስም። መሪዋም ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነበር። የተዛወረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ ያልተሠራ ከሆነ ግን የፔዳሎቹ አቀማመጥ ይጣመማል፣ በታመመ እግር ላይ ደግሞ ይህ ዋጋ አለው። ትተናት ሄድን።

ሁለተኛዋ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ኮሮላ ነበረች። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ካምቢዮ ለመፈተን አይመችም፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወሰድናት። አቀበቱን ስትወጣ ማርሿን ሳትንገጫገጭ ለወጠች፣ መሐል አቁመን ስናስነሳትም አልደነገጠችም። ሲቪቲ የሚባለውን፣ ማርሽ በደረጃ የማይለውጠውን የአውቶማቲክ ዓይነት ሆን ብዬ ነው የሸሸሁት። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የራሱ የተለየ ዘይት አለው፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ "ያው የካምቢዮ ዘይት ነው" ብሎ የተገኘውን የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ያ ደግሞ ካምቢዮውን ይገድለዋል። ዋጋዋን አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ዘንድ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ሆኖ ይገኛል።

ግራ እግርን ማስረሳት

ለጀማሪ አውቶማቲክ ማስተማር ቀላል ነው። ሠላሳ ዓመት ማንዋል የነዳን ሰው ማስተማር ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም እግሩ ራሱን ችሎ ያስባል።

በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ጋሼ በጣም ጥሩ ነዱ። አደጋው የመጣው ሊያቆሙ ሲሉ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግራ እግራቸው ከልማድ ብዛት ፍሪሲዮን ፍለጋ ወረደ። በአውቶማቲክ የፍሬን ፔዳል ሰፊ ነው፤ የግራ እግሩ ጠርዙን አገኘና ፍሪሲዮን እንደሚረገጥ በሙሉ ኃይል ረገጠው። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ደርቃ ቀረች፣ ሁለታችንም በቀበቶ ተይዘን ወደ ፊት ተወረወርን። ሜዳ ላይ ይሳቃል። ከኋላ ባጃጅ እየተከተለ ቢሆን ኖሮ የሚሳቅ አልነበረም።

አብዛኛው አሠልጣኝ በዚህ ጊዜ "ግራ እግርህን ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ሥር ሰብስብ" ይላል። ለጋሼ ይህ አይሆንም፤ ታጥፎ የቆየ ጉልበት ነው የሚያማቸው። እኛ በተቃራኒው አደረግን። በግራ በኩል ያለው የእግር ማሳረፊያ ላይ እግሩን ዘርግተው፣ ተረከዙን አስይዘው እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸው፤ ከዚያ ሳይነሳ እንዲቆይ። በተጨማሪም ከመነሳታቸው በፊት ጮክ ብለው "ግራ ቁጭ!" እንዲሉ አደረግሁ። ተማሪ ሳለሁ "ቁጭ በል!" ሲሉኝ የኖሩት እሳቸው ነበሩና ሁለታችንም በሳቅ ነው የጀመርነው። ግን ሠራ። ከተማ ውስጥ የገባነው ይህ ልማድ ከያዘ በኋላ ነው።

የማቆሙ ሥርዓትም አለ። ደብረ ማርቆስ ተዳፋት አያጣም። ብዙ ሰው ፒ አስገብቶ ፍሬኑን ይለቃል፤ መኪናው ትንሽ ይንሸራተትና ክብደቱ በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ብረት ላይ ያርፋል። ጠዋት ከፒ ሲያወጡት "ጓ!" የሚለው እሷ ናት። ፍሬን ይያዝ፣ ዜሮ ማርሽ ይግባ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግሩ ፍሬን ለቀቅ ተደርጎ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ እንደገና የእግር ፍሬን ተይዞ ፒ ይግባ። ጋሼ ይህን እንደ ቀመር በቃላቸው ያዙት።

ዓባይ

ጠቅላላው ነገር የተደረገው ለዓባይ ነበር ማለት ይቻላል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ በኩል እስከ ድልድዩ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል፤ ደጀን ላይ በጋቢ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል። ከባድ መኪና ከፊት ከተገኘ ደግሞ በእግር ከሚሄድ ሰው ፍጥነት አይበልጥም። በማንዋል ግራ ጉልበት የሚያልቀው እዚያ ላይ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ደግሞ አንደኛ።

የመጀመሪያውን የአውቶማቲክ ጉዞ አብሬያቸው ሄድኩ። ከደጀን ቁልቁል ስንጀምር ሆን ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ ማርሹን ዲ ላይ ትተው ፍሬን እየረገጡ ወረዱ። በማንዋል ቢሆን ኖሮ ሳይነገራቸው ከባድ ማርሽ (አንደኛ ወይም ሁለተኛ) ያስገቡ ነበር፤ የዓባይን ሕግ ከኔ በፊት ያውቁታል። አውቶማቲክ ግን "ራሱ ያውቃል" ተብሎ ስለሚወራ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ለመኪናዋ አስረከቡ። ዲ ላይ ያለ አሮጌ አውቶማቲክ ቁልቁለት ሲያገኝ ቀላል ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሩም አይዝም፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጥቂት ከወረድን በኋላ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። "ይሸትዎታል ጋሼ?" አልኳቸው። "የከባዱ መኪና ነው" አሉ። "የእኛ ነው፤ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ያቁሙ።"

ቆምን። ዝንጀሮዎቹ ምግብ ያመጣን መስሏቸው ተሰበሰቡ። ጋሼ የውኃ ሃይላንድ ይዘው ወደ ጎማው ሲሄዱ አስቆምኳቸው፤ በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። በነፋስ እስኪበርድ ተቀመጥን። ከዚያ በማርሹ ላይ ካለው ዲ በታች የተጻፉትን ሁለቱን ምልክቶች፣ 2 እና ኤልን፣ አሳየኋቸው። 2 ማለት ካምቢዮው ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳይወጣ፣ ኤል ደግሞ አንደኛ ላይ እንዲቀር ማዘዝ ነው። ፍጥነት ሳይቀንሱ ኤል ማስገባት አይገባም፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በዝግታ ላይ ነው የሚገባው።

2 አስገብተው ሲነሱ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጋሼ ደነገጡ።

"እንዴ! ልትፈነዳ ነው?"

"የለም፣ እየያዘችልዎት ነው። እግርዎን ከፍሬኑ ያንሱና ይዩት።"

አነሱት። መኪናዋ አልሮጠችም። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ ከዚያ "ይኼማ ያው የኔ ሁለተኛ ማርሽ ነው" አሉ። ያው ነው። ልዩነቱ በግራ እግር አለመግባቱ ብቻ ነው።

ሽቅቡን ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣም 2 ጠቀመን። ዲ ላይ ከተተወ ካምቢዮው በሁለት ማርሽ መካከል እየዋለለ ዘይቱን ያሞቀዋል። ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈን በዝግታ ስንጎተት የጋሼ ግራ እግር ማሳረፊያው ላይ ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር። አዲስ አበባ ደርሰን ማታ ደብተሩን ሲያወጡ አየኋቸው። የዓባይ ቀን 3 ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ

ጉልበቱ አልዳነም። ኦስቲዮአርትራይተስ መኪና ስለተቀየረ አይድንም፤ ራጁ ነገም ያንኑ ነው የሚያሳየው። የተለወጠው ሌሊቱ ነው። ክኒኑን አሁን የሚያነሱት አልፎ አልፎ፣ ሐኪሙን ጠይቀው ነው። የጭን ጡንቻ እንቅስቃሴውን ግን ሕመሙ ሲቀልላቸው ችላ ማለት ጀምረው ነበር፤ ልጃቸው በየማታው በስልክ ታስቆጥራቸዋለች። እኔ በዚህ ጉዳይ ከልጅቱ ጎን ነኝ፤ መኪናው ሸክም ቀነሰ እንጂ ጡንቻ አልሠራም።

አዲስ ጣጣዎችም መጥተዋል። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ነው፤ ባትሪ ሲደክም ዲኤክሷን የሰፈሩ ልጆች ገፍተው ያስነሷት ነበር። አውቶማቲክ በመግፋት አይነሳም። ጋሼ ይህን የተረዱት ልጆቹ ላብ በላብ ከሆኑ በኋላ ነው። አሁን የባትሪ ማገናኛ ገመድ ከመኪናው አይለይም። መንገድ ላይ ብትበላሽም በሞተሩ የሚዞሩት ጎማዎች መሬት እየነኩ በገመድ መጎተት ካምቢዮውን ያቃጥለዋል፤ ተጭና ነው የምትሄደው። ነዳጅ ከበፊቷ መኪና በትንሹ አብልጣ ትጠጣለች፤ ቤንዚን በየመንገዱ በሃይላንድ በሚሸጥበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የካምቢዮ ዘይት ለመቀየር አንድ ጋራዥ ገብተው መካኒኩ የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ይዞ ቀርቦ ነበር። ደግነቱ ጋሼ ቆርቆሮው ላይ ያለውን አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ራሳቸው ገዝተው ይዘው ነው የሚሄዱት።

ያልታሰበ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ መጣ። ባለቤታቸው ከዓመታት በፊት መንዳት ጀምረው የዲኤክሷ ፍሪሲዮን አስመርሯቸው የተዉ ናቸው። አሁን እኔ ዘንድ ተመዝግበዋል። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ስህተት ሊያርሙ ስለሚሞክሩ በልምምድ ሰዓት መኪና ውስጥ እንዳይገቡ ከልክያቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ቀኝ ጉልበታቸውም ደረጃ ላይ ትንሽ እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሕመሙ አንዱን ጉልበት ይዞ ሌላውን ሁልጊዜ አይምርም። ለሐኪሙ ነግረዋል፤ እኔም የ"ፍሬን!" ፈተናውን በየጊዜው እደግምባቸዋለሁ። እስካሁን ያልፋሉ። የማያልፉ ከሆነ ቁልፉን ለባለቤታቸው እንዲሰጡ፣ ዓባይንም ሹፌር ይዘው እንዲሻገሩ ተስማምተናል። ስምምነቱን በቀይ እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ጽፈው ፈርመውበታል።